ስለ ድምፅ ማጉያ ፊውዝ

ባለፈው የቃና ዘገሊላ ዕለት በቤታችን እንግዶች ተቀምጠው ሳሉ፥ ዜማ ያሰሙን የነበሩት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች በድንገት ጸጥ አሉ፤ የማጉያውም መብራት ጠፋ። የእኅታችን ልጅ ከበስተኋላው ያለችውን ፊውዝ አውጥቶ ቢያያት ተቃጥላ ኖሮአል። በሰፈራችን ሱቅ አልተከፈተም ነበርና ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት ወስዶ በፊውዝዋ ላይ ጠቀለለና መልሶ አገባት። ወዲያው ከሁለቱ ሣጥኖች አንደኛው ማዜም ጀመረ። «ጋሼ፥ ይኸው ተሠራ» ቢለን፥ ሁለተኛው ስለ ምን ዝም አለ ብለን ሳንጠይቅ መረቅነው። ይህ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ማጉያው ባለበት ክፍል ሕፃን ተኝቶ ነበር። በሩን ብንከፍት ጢሱ ከጣሪያው ደርሶአል። ስፒናውን ነቅለን ሕፃኑን ታቅፈን ወጣን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነው።

ፊውዝ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ናት። በሥራችን ቋንቋ ብንናገር ዋስ ናት፤ ከተወሰነው ልክ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ የመጣ እንደ ሆነ እርስዋ ቀልጣ መንገዱን ትቈርጣለች፥ ንብረቱም ይድናል። ኤዲሶን በአሜሪካ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ዓመት የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀብሎባታል። ብርማው ወረቀት ግን ከልኩ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ያሳልፋልና ዋስትናው ቀርቶአል ማለት ነው።

ፊውዝ የተቃጠለችበት ሰው አስቀድሞ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። በብዙ ማጉያ ላይ ፊውዝዋ የምትገኘው ገመዱ በሚገባበት አጠገብ፥ በትንሽ መሳቢያ ወይም በሚጠመዘዝ ክዳን ውስጥ ነው። በጫፍዋ ብረት ላይ የተቀረጸውን በብርሃን አቅርቦ ማንበብ ይገባል። 2 አምፔር የሚል ከሆነ በ2 አምፔር ይተካ፤ 5 አምፔር ማግባት ከብርማው ወረቀት የሚለየው በመልክ ብቻ ነው። ከቍጥሩ በፊት «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ያለባት ዘግይታ የምትቀልጥ ናት፤ «ኤፍ» ያለባት ፈጥና ትቀልጣለች። ትራንስፎርመር ያለው ማጉያ በሚበራበት ቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ አብዛኛውን ጊዜ «ቲ» ይፈልጋል፤ «ኤፍ» ቢያገቡበት ያለ በደልዋ ትቃጠላለች።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማጉያ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ አለበት። በዚያ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፥ በእኛ 220 ቮልት ነውና። ከበስተኋላው የቮልት መምረጫ ቢኖር ወደ 220 ይዙር፤ የሚስበውም አምፔር ወደ ግማሽ ስለሚቀንስ ፊውዝዋ በአጠገቡ እንደ ተጻፈው ትለወጥ። መምረጫ የሌለውና ለ220 መሆኑ ያልተጻፈበት፥ ያለ ማሳነሻ ትራንስፎርመር አይሰካ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊውዝዋ ስለ ምን ተቃጠለች ብሎ መመርመር ነው። ብርጭቆዋ ጠቍሮ እንደ ሆነ በውስጥ ወይም በገመዶቹ ብርቱ መነካካት አለ፤ ሽቦዋ ከመካከል ብቻ ተቈርጦ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ ጥቂት መብዛት ወይም እርጅና ሊሆን ይችላል። አዲሲቱም ወዲያው ከተቃጠለች ሦስተኛ አይጨመር፤ ባለሙያ ይጠራ። ክዳኑን በካቻቪቴ መፍታት የቤተ ሰብ ሥራ አይደለም፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች በውስጡ አሉና ይመታሉ።

በእኛ ቤት ባለሙያው መጥቶ ያገኘው በዝምተኛው ሣጥን በስተኋላ የሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ መነካካቱን ነበር። ለእንግዶች ቦታ ለማስፋት ሣጥኑን የጐተትነው እኛው ነን። ሽቦዎቹን ለማለያየት ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አልፈጀበትም፤ ትራንስፎርመሩ ግን ነዶአልና ማጉያው እስከ ዛሬ አልተናገረም።