ብቻውን የሚሄደው ጆይስቲክ

በእነዚህ ገጾች ላይ ጓደኞቼ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ሞተርና ስለ ሶላር ሲጽፉ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ልጆች መጫወቻ ነው። እንዳትስቁብኝ፤ ነገሩ እኔንም ያሳቀኝ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር።

ክፍል በማይኖረኝ ጊዜ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንድ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ዕቃው አሜሪካ ያለች እህታቸው የላከችለት ኒንቴንዶ ስዊች ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ ግራና ቀኙ ላይ በአውራ ጣት የሚነዳ ጆይስቲክ ያለው። ልጁ አብርቶ አሳየኝ። ጣቱን ሳያስነካው ሰውዬው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሄዶ ሄዶ ገደል ይገባል። «ብቻውን ነው የሚሄደው» አለኝ። እናቱ አላስጨረሱትም። «ምን ብቻውን ይሄዳል! አንተ አይደለህ እንደ ቡና ስትወቅጠው የከረምከው!» አሉት። እኔም እንደ አዋቂ «የልጅ እጅ ከባድ ነው፣ እናቴ» ብዬ ጨመርኩበት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያን ቀን ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። በስቲኩ ሥር ያለውን ላስቲክ ገለጥ አድርጌ ኮንታክት ክሊነር ነፋሁበት፣ አሽከረከርኩት፣ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ። ብሬን ተቀበልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። «የኔ ልጅ፣ ተሠራ አላልከኝም?» አሉ። ከዚህ ንግግር ይልቅ የከበደኝ የልጁ ፊት ነው። ሁለተኛ ሰበረው ተብሎ ቤት ውስጥ ተቀጥቶ ነበር።

ያኔ ነው በደንብ የከፈትኩት። ከጀርባ ያሉት አራት ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው፤ የተለመደው ካቻቢቴ አይገባባቸውም። ባትሪው ይነሳል፣ ከዚያ ስቲኩ በሁለት ተራ ብሎኖችና በአንድ ስስ ሪባን ብቻ ተይዞ ይገኛል። ስቲኩን ስፈታው ጥቁር ዱቄት አገኘሁ። መጀመሪያ «የሽሮ ሜዳ አቧራ» አልኩ። የእኛ ሰፈር አቧራ ግን ቀይ ነው እንጂ እንዲህ ጥቁር አይደለም። ዱቄቱ ከውጭ የገባ ሳይሆን ከራሱ የተፋቀ ካርቦን ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔን የገረመኝ ነገር ያለው። ያ ጥቁር መንገድና በላዩ የምትንሸራተተው ብረት ሌላ ምንም አይደሉም፣ ፖቴንሽዮሜትር ናቸው። አንደኛ ዓመት ላይ ሰሌዳው ላይ የተሳለልን፣ ቀስት ያለበት ሬዚስተር! በፈተናው ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ። እጄ ላይ ሲወድቅ ግን አላወቅሁትም። በአንድ ስቲክ ውስጥ ሁለት አሉ፤ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ ሌላው ለላይና ታች። ስቲኩ መሃል ሲሆን ማሽኑ የሚያነበው ቮልቴጅ ከጠቅላላው ግማሽ አካባቢ ነው። ብረቷ ካርቦኑን በፋቀችው ቁጥር ያ ግማሽ ግማሽ መሆኑን ይተዋል፤ ማሽኑም «ልጁ ወደ ግራ ገፋኝ» ብሎ ያምናል።

ለመለካት የሚመቹት በአዲሱ ገበያ ካሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚመጡልን ትልልቆቹ ጆይስቲኮች ናቸው። የእነሱ ፖቴንሽዮሜትር ከዳር እስከ ዳር አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። የመሃሉን እግር ከአንዱ ዳር ጋር በማልቲሜትር ይዛችሁ ስቲኩን አሥር ጊዜ ገፍታችሁ ልቀቁት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቁጥር ከተመለሰ፣ ግን ቁጥሩ ከግማሽ ትንሽ ፈንጠር ያለ ከሆነ፣ በማሽኑ ሴቲንግ ካሊብሬት ማድረግ ሊበቃው ይችላል። በለቀቃችሁት ቁጥር ሌላ ሌላ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ ወደ መሃል የሚመልሰውን ስፕሪንግ ጠርጥሩ። እየገፋችሁት ሳለ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ግን መንገዱ ቆሽሿል ወይም አልቋል። የቆሸሸ ይጸዳል፤ ያለቀ ካርቦን በምንም መርጫ አይመለስም። እኔ ለእናትየዋ የሸጥኩት ያለቀውን እንደ ቆሸሸ አድርጌ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር የምትጠቀሙ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ተዉ። ብዙው ግሊሰሪን አለበት፤ ሲደርቅ ያጣብቃል። በካቲካላ ሲያጸዳ ያየሁትም አለ፤ ውኃው ብዙ ነው፣ ለስቲኩም ለካቲካላውም አልጠቀመም።)

ሌላም ዘዴ አለ፤ ዴድ ዞን ማስፋት። አንዳንድ ጨዋታዎች ላይ ማሽኑ የመሃሉን ትንሽ እንቅስቃሴ እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል። ክፉ አይደለም፣ ለባለቤቱ ከነገሩት። ሳይነግሩት ከሆነ ግን በሽታውን ሸፍኖ ብር መቀበል ነው።

ጥፋቱ የልጅ እጅ እንዳልሆነ ደግሞ ዓለም ያወቀው ቀድሞ ነው። ስዊች እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚዎች በዚሁ ችግር ኩባንያውን ከሰሱ፤ በ2020 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ ለተቸገሩት ይቅርታ ጠየቁ። በ2023 ደግሞ በአውሮፓ የዋስትና ጊዜው ቢያልፍም በነፃ እንደሚጠገን ተገለጸ። ጥሩ ነው። ሽሮ ሜዳ ላለችው እናት ግን ከዚህ ሁሉ የደረሳት የለም፤ ለእሷ ዋስትናው እኔ ነበርኩ፣ እኔም መርጫ ነፋሁላት። የሌሎቹም ቢሆን ያው ነው። አይፊክሲት የተባለው የጥገና ድርጅት በ2021 ሲያሰላ፣ 2,000,000 ዙር እንዲቆይ የተሠራው የፕሌይስቴሽን 5 ስቲክ በአንድ የተኩስ ጨዋታ በ417 ሰዓት ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል ብሏል። በቀን አሥር ሰዓት ለሚሠራ የፕሌይስቴሽን ቤት ይህ አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ነው።

መፍትሔው አዲስ እንኳ አይደለም። ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክስተት የሚሠራ፣ ማግኔት ከሴንሰሩ ጋር ሳይነካካ የሚያነብበት ስቲክ አለ። የማይነካካ ነገር አይፋቅም። ሴጋ በ1998 በድሪምካስት ላይ ተጠቅሞበታል። በ2025 የወጣው ስዊች 2 ግን፣ ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው፣ ይህን አልያዘም። ስለዚህ ሥራው ይቀጥላል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ቤት ልግባ። ይህን ጉዳይ ለተግባር ፕሮጀክት ላቅርበው ብዬ ጠይቄ ነበር። «እኛ የምናሠለጥናችሁ ለኢንዱስትሪ ነው፤ ይሄ መጫወቻ ነው» ተባልኩ። ቲቸር፣ ሳልደፍር ልናገር። ቀስት ያለበት ሬዚስተር መጫወቻ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በራዲዮው ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ አለ። በብዙ የቆዩ መኪኖች ነዳጅ ሲረገጥ የሚያነበው ሴንሰር ይኸው ነው፤ ሲፋቅ መኪናው ይንተፈተፋል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ብዙ ቦታ የሆል ሴንሰር ተክቶታል። ታዲያ መኪናው ላይ ኢንዱስትሪ፣ ልጁ እጅ ላይ ጨዋታ የሚሆነው እንዴት ነው?

እውነቱን ለመናገር ጥገናን የምንንቀው ዕቃው ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም። በዚሁ በጉለሌ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች በእጃቸው ሥራ ስንት ዘመን ሲሰደቡ እንደኖሩ እናውቃለን። ስድቡ ቀረ እንበል፤ «ጠጋኝ» ስንል ድምፃችን ዝቅ ማለቱ ግን አልቀረም። ፈጠራ ይጨበጨብለታል፣ ጥገና ሱቅ ውስጥ ይቅር ይባላል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ላቦራቶሪው ይከፈት። ተማሪው ከየሰፈሩ የተበላሸ ዕቃ ያምጣ፤ ጆይስቲክ ይሁን፣ ቻርጀር ይሁን። ሳይለካ መርጫ የሚያነሳ ማርኩ ይቀነስ። የዕቃው ባለቤት ምን እንደተባለም ይጻፍ፤ «ያልቃል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይቆያል» ብሎ መንገር የሙያው አካል ስለሆነ።

የልጁን ነገር ሳልጨርስ። ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ሰው የማግኔት ስቲክ አስመጥቼ ቀየርኩለት፣ ሁለተኛ ብር አልጠየቅሁም። ለእናቱ አሮጌውን ከፍቼ ጥቁሩን ዱቄት አሳየኋቸው። «እሱ አይደለም የሰበረው፣ እናቴ፤ እኔም ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው። ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው አዩና ልጁን ራሱን ዳበስ አደረጉት፤ ምንም አላሉም። አሮጌው ስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሐሙስ ላቦራቶሪ ይዤው እመጣለሁ፤ ማልቲሜትር ያለው ሰው ይምጣ፣ የእኔ ባትሪ ጨርሷል።