አንቀጽ 27 ለእኛ ብቻ ነው እንዴ?



በ2017 አክሱም ላይ እህቶቻችን «ወይ ሂጃብ ወይ ትምህርት» ሲባሉ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ስልካችን እስኪግል ጻፍን። አንቀጽ 27ን ያልጠቀሰ አልነበረም። ልክ ነበርን። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ባልንበት ጊዜ ኮሚቴዎቻችን በሽብር ስም ሲታሰሩ «እሰይ» ያለውንም፣ ዝም ያለውንም እስከ ዛሬ አንረሳም።

ታዲያ ሰሞኑን አንድ ፕሮቴስታንት የሰፈራችን ልጅ ስለ እምነታችን ደስ የማይል ነገር ቢጽፍ «ይታሰር!» ያልነው እኛው አይደለንም? ልጁ ተሳስቷል፤ እኔም መልስ ሰጥቼዋለሁ። ግን ማንንም አልደበደበም፣ «ደብድቡ»ም አላለም። ጻፈ። ያኔ በእኛ ላይ ሽብር የተባለውም እኮ ንግግር ነበር!

«እነሱ ለእኛ መቼ ጮኹ?» የሚለኝ አለ። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ወገኖቻቸው ተገድለው ሳለ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው እዚሁ አርባ ምንጭ የተንበረከኩት ለበቀል በወጡት በገዛ ልጆቻቸው ፊት ነው፤ የሌላው ሰው ንብረት እንዳይነካ። እነዚያ ሽማግሌዎች «እነሱስ?» ብለው ቢቀመጡ ኖሮስ? ሱረቱል ማኢዳ 8 ደግሞ የጠላነውንም ሰው ፍትሕ እንዳንነፍገው ያዘናል፤ ቁርኣን የቀራ ሁሉ ያውቀዋል።

በልጁ ላይ አቤቱታ ያስገባችሁ ካላችሁ ከጁሙዓ በፊት ሄዳችሁ አንሱት። መልስ ያለው ይጻፍለት።