ሃያ አራት ቋጠሮ

ሰኔ 28 ረፋድ ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ ካለ አንድ የጤና ተቋም የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ነበር። የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ነው የሄድኩት። አግዳሚ ወንበሩን የተጋሩኝ ከጨንቻ ደጋ ወርደው፣ የኩልፎን ወንዝ ተሻግረው የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እርጉዟ፣ ባሏና አማቷ። ባል ሸማኔ ነው፤ እንጀራው ያለው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አማት በዚያ ሙቀት ቡሉኳቸውን እንደተከናነቡ እንዝርት ያሾራሉ።

አዋላጇ ብቅ ስትል ሸማኔው ብድግ አለ።

«ሲስተር፣ ዘጠኝ ወሯ ሞልቶ አልፏል። ከትናንት ጀምሮ ወገቧን ይዟታል። ያቺን የምጥ መርፌ ውጊያትና ትገላገል። እኔም ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«ወንድሜ፣ መሙላቱን በምን አወቅህ?»

«ለመስቀል ነዋ የመጣሁት!»

ወንበሩ ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ሰውየው ግን እየቀለደ አልነበረም። በጋሞ ምድር መስቀል ማለት ከያለበት የተበተነው ሸማኔ ወደ ቀዬው የሚመለስበት በዓል ነው። ከመስከረም 17 እስከ ሰኔ 17 ዘጠኝ ወር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 11 ቀን። ለእሱ ሂሳቡ አልቋል።

አዋላጇ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «አንቺስ? አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ልጅቱ አማቷን በጎን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከመስቀል በኋላም አይቻለሁ። ጥቅምት ሚካኤል ለታ።»

የአንድ ሕፃን ዕጣ በዚህች አጭር መልስ ተለወጠ። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የእኛ አቆጣጠር ለእርግዝና ሂሳብ የተመቸ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ በታየበት የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወርና 10 ቀን ይደመራል፤ 280 ቀን ይሞላል። ጳጉሜን መሃል ከገባች 10ሩ ወደ 5 ይወርዳል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ወደ 4። ከጥቅምት 12 ተነስታ አዋላጇ የደረሰችው ሐምሌ 22 ላይ ነው። ሆዷን ዳሰሰች፣ ማህፀኗን መረመረች፤ የማህፀኑ በር እንደተዘጋ ነው። የወገብ ሕመሙ የውሸት ምጥ ሆነ። ገና 24 ቀን ይቀራታል።

የባልየው ቃል ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ 37 ሳምንት እንኳ ያልሞላው ልጅ በመድኃኒት ተገፍቶ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ጨቅላ ለመተንፈስ፣ ለመጥባት፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ ይቸገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀኗ ስላለፈ ብቻ ምጥ የሚጀመርላት እናት 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት የታወቀ መሆን አለበት ይላል። የእኛ ችግር ያለው «በእርግጠኝነት» ከሚለው ቃል ላይ ነው። ባል ከመምጫው ይቆጥራል፣ አማት ከሆዱ መግፋት ትቆጥራለች፤ ቀኑን የምታውቀውን ሴት የሚጠይቃት የለም።

ይዣት የሄድኩት የጎረቤቴ ልጅ ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቀኗ ሞልቷል፤ የእንሽርት ውሃዋ ሌሊት ፈሷል፤ ምጡ ግን የለም። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ኢንፌክሽን ወደ ማህፀን የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ምጡን በመድኃኒት ማስጀመር ትክክለኛው ሕክምና ነው። እሷ ግን «ማህፀን ይቀዳል» የሚል የጎረቤት ወሬ ሰምታ ኖሮ አልወጋም ብላ ሁለት ሰዓት አለቀሰች። በአንድ በር ላይ አንዱ መርፌውን ያለጊዜው ይለምናል፣ ሌላዋ ጊዜው ደርሶ ትሸሸዋለች። ሁለቱም ያዩት መርፌውን ብቻ ነው።

«የምጥ መርፌ» የምንለው ኦክሲቶሲን እናት አካሏ ውስጥ ያላት ሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ይለቀቃል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከዚህች እጢ የወጣ ፈሳሽ ማህፀንን እንደሚያኮማትር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ምጥ ለማስጀመር ሲሰጥ ስሙ መርፌ ይባል እንጂ አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ግሉኮስ ውስጥ ተጨምሮ፣ በጥቂት ጠብታ ተጀምሮ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየታየ ከፍ ይላል።

የጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻ እሺ ስትል ያየሁት ይህንኑ ነው። አዋላጇ ዓይኗን ከሰዓቷና ከጠብታው ላይ፣ መዳፏን ከልጅቱ ሆድ ላይ አሳረፈች። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ቁርጠት እንደመጣ ትቆጥራለች። ከአምስት ከበለጠ ጠብታው ይዘጋል፤ ምክንያቱም ማህፀኑ በተኮማተረ ቁጥር ወደ ጽንሱ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ሕፃኑ የሚተነፍሰው በመሃል ባለችው ፋታ ነው። ቀጥላ የሕፃኑን ልብ ምት ትሰማለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። ኦክሲቶሲን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ጠብታውን መዝጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግን መዘጋት እንዳለበት የሚያይ ሰው አጠገቧ ካልኖረ ምን ይበጃል?

በመሃል ከሚቀጥለው ክፍል ጩኸት ተሰማ። አዋላጇ ብድግ አለች፤ ጠብታውን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ባልደረባዋን ጠራች። ደግነቱ ባልደረባ ነበረቻት። ምጥ በመድኃኒት የተጀመረላት እናት ብቻዋን እንዳትተው፣ ሥራውም በተቻለ መጠን ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያዛል። አንድ አዋላጅ የሦስት እናት ጠብታ እንድትቆጥር በሚገደድበት ሌሊት ግን መመሪያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ያድራል።

ከመርፌው ይልቅ የሚያስፈራኝ ኪኒኑ ነው። ሚሶፕሮስቶል ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር እናቶችን ያድናል። አንዱ ፍሬ በብዛት 200 ማይክሮግራም ነው። ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጣት ሦስት ፍሬ፣ 600 ማይክሮግራም ነው። ምጥ ለማስጀመር በአፍ የሚሰጠው ግን በአንድ ጊዜ 25 ማይክሮግራም፣ የአንዱ ፍሬ አንድ ስምንተኛ ነው። የመጀመሪያው የሁለተኛው 24 እጥፍ መሆኑ ነው። «እህቴ ወልዳ ሦስት ፍሬ ውጣ ደህና ሆነች» ብሎ ላልወለደች እርጉዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት የሚያስከትለውን አስቡት። ጠብታ ይዘጋል፤ የተዋጠ ኪኒን ግን አይመለስም። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት ደግሞ ይህ ኪኒን ለምጥ ማስጀመሪያ አይሰጥም፤ በጠባሳው በኩል ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። የጎረቤቴን ልጅ ያስለቀሳት ወሬ መነሻው እንዲህ ያለ አደጋ ይሆናል፤ እሷ ግን ጠባሳም ኪኒንም አልነበረባትም።

እዚህ ቆላ ላይ ሌላም ቆጠራ አለ፤ የቴርሞሜትሩ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ይኖርበታል። በአባያና በጫሞ መካከል ባለው ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሰነበተ ብልቃጥ አቅሙ ይደክማል። የደከመው አልሠራ ሲል ጠብታው ይጨመራል፤ በዚያው ልክ ያልደከመው ብልቃጥ ሲሰቀል ደግሞ ይበዛል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናስበው የስልካችንን ባትሪ ነው። የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ መጠባበቂያ ኃይል አለው ወይ ብሎ በቀበሌ ስብሰባ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ይህን የምለው ተስፋ ቆርጬ አይደለም። በአገራችን ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ2000 እ.ኤ.አ. 871 ነበር፤ በ2016 ጥናት 412 ሆኗል። በቀድሞው ጋሞ ጎፋም ኖርዌያዊው ሐኪም በርንት ሊንትዮርንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጤና መኮንኖችን ለኦፕራሲዮን አሠልጥነው፣ ጤና ጣቢያዎችን ከሆስፒታል ጋር አስተሳስረው በሠሩባቸው አካባቢዎች ቁጥሩ ከ2010 እስከ 2013 ድረስ ከ477 ወደ 219 መውረዱን አሳይተዋል። የሞተች እናት ሁሉ እንድትመዘገብ ማድረጋቸውም የሥራው አካል ነበር።

የተቋሙ ድርሻ አዋላጅ መጨመር፣ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ይህን መጠየቅ ይገባናል። የመጀመሪያው ቆጠራ ግን ከቤት ይጀመራል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ «አበባሽ መቼ ነው የቀረው?» የሚለው ጥያቄ የሚያሳፍር መሆኑ ይብቃ። ቀኑ በከሰል በር ላይ ይጻፍ፣ ስልክ ላይ ይመዝገብ፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት የአልትራሳውንድ ምርመራ ጋር ይመሳከር። ቤቷ ሩቅ የሆነች ደግሞ ወሯ ሲገባ የእናቶች ማቆያ ትግባ። ማቆያ በአገራችን በአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ከጨንቻ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ በምጥ ላይ ላለች ሴት ግን ያ ቁልቁለት ስንት እንደሚሆን እሷ ትንገረን።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ስገባ ሸማኔው በር ላይ ስልክ ይዞ ሽሮ ሜዳ ላለ ሰው ያስረዳል። «ሂሳቡ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ አልመጣም።»

አዋላጇ ከአማትየዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጋሞኛ ታስረዳቸዋለች፤ መጨረሻ ላይ ጣቶቿን ዘርግታ ሁለት ጊዜ 10፣ ከዚያ 4 አሳየቻቸው። ደም ካየች፣ ውሃ ከፈሰሳት፣ ራሷን ካመማት ግን ቀን ሳትቆጥሩ ይዛችኋት ኑ አለቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእንዝርታቸው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ፈትል በጠሱ፤ እየቆጠሩ ቋጠሩት። ሲጨርሱ አንስተው ለአዋላጇ ሰጧት፤ እሷም አንድ በአንድ በጣቷ ዳስሳ ቆጠረችና መለሰችላቸው። ፈትሉን በምራታቸው ክንድ ላይ አሰሩት፤ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ሊፈታ።