እርሳሱ ከመልቀቂያው ደብዳቤ ይቅደም

በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ባልንጀራ አለኝ። ዲግሪውን ከያዘ አምስት ዓመቱ ነው፤ ደመወዙ መልካም ነው፤ አለቆቹም ያመሰግኑታል። ባለፈው ሰሞን ቡና ስንጠጣ «ሥራዬን ልለቅ ነው፤ አሜሪካ ሄጄ ኪነ ሕንፃ እማራለሁ» አለኝ። «እስኪ የነደፍኸውን አሳየኝ» ብለው ጥቂት ዝም አለና «እሱንማ እዚያው ያስተምሩኛል» ሲል መለሰልኝ። የመልቀቂያው ደብዳቤ ግን ተጽፎ በኪሱ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው መልስ ነው። እንደርሱ ያለ አሳብ በልባቸው የያዙ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ጥቂቶች አይደሉምና፥ ነገሩን በግልጽ ብንመለከተው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

በመጀመሪያ ሙያ መለወጥ ነውር አይደለም። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን አስቀድሞ የሥነ ከዋክብት ፕሮፌሰር ነበር። ከእኛው አህጉር ደግሞ የቡርኪና ፋሶውን ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬን እንመልከት። እርሱ አናጢ ነበር። የአናጢነት ሙያውን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ጀርመን አገር ሄደ፤ በማታ እየተማረ ሁለተኛ ደረጃን ፈጸመ፤ ከዚያም በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ኪነ ሕንፃ ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ያሠራው ትምህርት ቤት በ2001 ተፈጸመ። ግድግዳው ከአገሩ ሸክላ አፈር የተሠራ ነው፤ የቆርቆሮው ጣራ ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለ ተሰቀለ ሙቀቱ በመካከሉ ይወጣል። በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። እነዚህ ሁለት ሰዎች የቀድሞ ሙያቸውን አልጣሉትም፤ ይዘውት ገቡ እንጂ። ሬን የሒሳብ ዕውቀቱን፥ ኬሬም ዕቃን የለመደ እጁን ይዞ ገባ።

እንግዲህ ጥያቄው መለወጥ ይቻላል ወይ ሳይሆን በምን ዝግጅት የሚለው ነው። በአገራችን፥ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን መንግሥት ትብብር ከተቋቋመው ሕንፃ ኮሌጅ ጀምሮ እስከ ዛሬ፥ የሙያው ዋና በር የመጀመሪያው ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሌላ ትምህርት የፈጸመ ሰው እንደ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ሊጀምር ነው። በአሜሪካ ግን ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የማስተርስ ትምህርት አለ፤ ዘመኑም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። እዚህ ላይ ስሙ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያሻል። «ማስተር ኦፍ አርክቴክቸር» የሚባለው፥ በብሔራዊው የኪነ ሕንፃ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ቦርድ የታወቀ ሲሆን፥ ለሙያ ፈቃድ የሚያደርስ ነው። «ማስተር ኦፍ ሳይንስ» የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ የጥናትና የምርምር ዲግሪ ስለ ሆነ ለዚህ አያበቃም።

ዲግሪው ተይዞም ነገሩ አያልቅም። በዛሬው የአሜሪካ አሠራር ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 3,740 የሥራ ልምድ ሰዓት መመዝገብና ስድስት ፈተና ማለፍ አለበት። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ልምዱ ብቻ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። በ25 ዓመቱ ትምህርቱን የጀመረ ሰው፥ ሁሉ ቢሳካለት፥ ፈቃዱን የሚይዘው በ30 ዓመቱ ገደማ ነው። የትምህርቱም ዋጋ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ስኮላርሺፕ ቢገኝ እንኳ ሁሉን ላይሸፍን ይችላል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ የሌላውን ገንዘብ እንደሚቆጥር የራሱንም ዕድሜ ይቁጠር ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከአመልካች ከሚጠይቁት ሁሉ የሚከብደው ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሥራ መድበል ነው። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ በሦስት ሳምንት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይማሩና የሚያብረቀርቅ ፎቅ ሥለው ይልካሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ከሌላ ሙያ ከሚመጣ ሰው የሕንፃ ፕላን አይጠበቅም፤ የሚፈለገው የሚያይ ዓይን፥ የሚሠራ እጅና የማይሰለች ልብ መኖሩን የሚያስረዳ ነገር ነው። የእርሳስ ሥዕል፥ ፎቶግራፍ፥ የእንጨት ሥራ፥ ሽመና፥ ሸክላ፥ በካርቶን የተሠራ ሞዴል፥ ሁሉም ይገባል። የተበላሸው የመጀመሪያ ንድፍ ከተሻሻለው ጋር ቢቀርብ ደግሞ ሰውየው እንዴት እንደሚያስብ ያሳያል።

ይህም ዝግጅት ሥራ ሳይለቁ የሚሠራ ነው። ሰው በመጀመሪያ የሚኖርባትን ክፍል በሜትር ይለካ። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል በ1 ለ50 ስኬል ስትነደፍ 8 ሳንቲሜትር በ6 ሳንቲሜትር ትሆናለች። በሩን፥ መስኮቱንና የግድግዳውን ውፍረት ያስገባ። ቀጥሎም ድፎ ዳቦ በቢላዋ እንደሚቆረጥ ክፍሉን በአሳቡ ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ውስጡን ይንደፍ። ሰኞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ የሚደክምበትን ደረጃ ይለካ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንስዋ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ ባስቀመጠው ደንብ መሠረት፥ የሁለት ደረጃ ከፍታ ከአንድ መርገጫ ስፋት ጋር ተደምሮ ከ60 እስከ 65 ሳንቲሜትር ሲሆን ለእግር ይመቻል። የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ከዚህ ምን ያህል እንደ ራቀ ሲያይ፥ ድካሙ ከእግሩ ነው ወይስ ከነዳፊው የሚለውን ራሱ ይፈርዳል። በቀን አንድ ሰዓት፥ በሳምንት ስድስት ቀን የሚነድፍ ሰው በዓመቱ ከ300 ሰዓት በላይ ይኖረዋል። ካልኩለስና ፊዚክስ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎችም ስላሉ፥ ያልተማረ ሰው በዚያው ዓመት ቢማር ይበጀዋል።

ከማመልከቻው ጋር በሚጻፈው ደብዳቤም «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕንፃ እወድ ነበር» ማለት ብቻ ብዙ አይረዳም፤ ይህን ሁሉም ይለዋል። ነርሷ በጠባቡ መተላለፊያ አልጋ ሲገፋ ያየችውን ትጻፍ። መምህሩ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳው ለምን እንደማይታየው ይጻፍ። የሒሳብ ሠራተኛውም የአንድ ሕንፃ ወጪ ከታሰበው በላይ እንዴት እንዳደገ ይጻፍ። እንደ ባከነ የምንቈጥረው ዓመት እንዲህ ሲሆን ስንቅ ይሆናል።

«አንድ ዓመት ብዘገይ ዕድሜዬ አይሄድምን?» የሚል ይኖራል። ዕድሜ ያለ ዝግጅትም ይሄዳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። በስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ሳምንት የተደከመበት ሥራ ጁሪ በሚባለው ጉባኤ ፊት ቀርቦ፥ በሰው ሁሉ መካከል ተነቅፎ፥ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል። ከሥራ መልስ አንዲት ሰዓት መንደፍ የሰለቸው ሰው ይህን እንዴት ይችለዋል? መሰልቸቱንም ቢሆን ደመወዙ ሳይቋረጥ ቢያውቀው ይሻለዋል፤ ሞክሮ መተው ውርደት አይደለምና። ወላጆችና አለቆችም ወጣቱ በመሸ ጊዜ እርሳስ ይዞ ሲያገኙት እንዳይሥቁበት አደራ እላለሁ።

ባልንጀራዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉን ነድፎ አመጣልኝ። አራተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር በ4 ሚሊሜትር አልገጠመም ነበር። «ሒሳቡ አልዘጋ ስላለኝ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ለካ ግድግዳው በ20 ሳንቲሜትር የተንሻፈፈ ነው። ሁለት ዓመት ስኖርበት አላየሁትም» አለኝ። ሌላው ሰው መስመሩን አስረዝሞ ይገጥመው ነበር፤ እርሱ ግን ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሆነ ጉድለቱን ሳያገኝ አልተኛም። የመልቀቂያው ደብዳቤ ዛሬ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጊዜው ሲደርስ ይወጣ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን እርሳሱ ሥራውን ጀምሯል።

ዛሬ እሑድ ነው። ይህን አሳብ የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሜትርና እርሳስ ብዙ ዋጋ የላቸውምና፥ ሳይመሽ ክፍላችሁን ለኩ።