የማኅበሩ መዝገብ የባለሙያ እጅ የሚፈልገው መቼ ነው?

ክረምት ሲገባ የሀብሩ ገበሬ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ዝናቡንና ማዳበሪያውን። ዝናቡ የሰው ሥራ አይደለም። ማዳበሪያው ግን በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ስም እየተጠራ፣ ደረሰኝ እየተቆረጠ የሚታደል ነው። ይህን የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊም እንደ ሌላው አባል ሁሉ በሬውን ጠምዶ ጤፉን ለመዝራት የሚጣደፍ ገበሬ ነው።

ለምሳሌ 300 አባላት ያሉትን አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንውሰድ። የአንዱ አባል ስም እስኪፈለግ፣ ገንዘቡ እስኪቆጠር፣ ደረሰኙ እስኪጻፍና ኩንታሉ እስኪመዘገብ 10 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል ብንል ድምሩ 3000 ደቂቃ ወይም 50 ሰዓት ይሆናል። ጸሐፊው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከ6 ቀን በላይ ከማሳው ይቀራል ማለት ነው። በሰሜን ወሎ ዝናቡ ዘግይቶ የሚጀምርበት፣ ቀድሞም የሚያቋርጥበት ዓመት ጥቂት ባለመሆኑ በዘር ወቅት የባከነ 6 ቀን በኋላ አይካካስም። ጸሐፊው ወደ ማሳው ቢሄድ ደግሞ አባላቱ በመጋዘኑ በር ላይ ይውላሉ። እንግዲህ የማኅበሩ ጽሕፈት ያለ ዋጋ የሚሠራ መስሎ ቢታይም ዋጋውን ከእርሻው ላይ የሚከፍል ሰው መኖሩን መሪዎች ሊዘነጉት አይገባም።

ይህን ስንል ማኅበር ሁሉ ዛሬውኑ የሒሳብ ሠራተኛ ይቅጠር ማለታችን አይደለም። አባላቱ ጥቂት፣ ሥራውም አንድ ዓይነት ሲሆን አንድ ደኅና መዝገብና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃሉ። ሠራተኛ አለን ለማለት ብቻ ደመወዝ መቁረጥ ከአባላት የትርፍ ድርሻ መቀነስ ነው። ጊዜው መድረሱን የሚያሳዩት ምልክቶች ግን የታወቁ ናቸው።

አንደኛው፣ ከላይ እንደተገለጸው ጸሐፊው ወይም ሊቀመንበሩ በዘርና በአጨዳ ወቅት ከማሳው ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ ወር ሲያልቅ በመዝገብ የተጻፈው፣ በካዝና ያለውና በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ሳይመሳከር ወደሚቀጥለው ወር ሲተላለፍ ነው። ሦስተኛው፣ ማኅበሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማከፋፈል አልፎ እህል መግዛት፣ ዘይትና ስኳር ማከፋፈል፣ በመስኖ የለማ ሽንኩርት መሸጥ ሲጀምርና የሁሉም ገንዘብ በአንድ ደብተር ሲደባለቅ ነው። ትርፉ ከየትኛው ሥራ እንደመጣ፣ ኪሳራውም ከየትኛው እንደሆነ የማያውቅ ማኅበር ለመጪው ዓመት ምን ሊያቅድ ይችላል?

አራተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይኸውም የአባል ዕዳ በደረሰኝ ሳይሆን በምስክር መዳኘት ሲጀምር ነው። በሥራችን ምክንያት በአንድ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተገኝተን ሳለ አንዲት እናት ዕዳ አለብዎ ተባሉ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ደረሰኝ ፈትተው አሳዩ፤ ከፍለዋል። መዝገቡ ግን አላወቀውም። ከእርሳቸው ቀጥሎ የቆመው ጎረቤት እርሱም ከፍያለሁ ቢልም ደረሰኝ ስላልተሰጠው ማስረዳት አልቻለም። ያን ዕለት ማዳበሪያ ሳይዝ ተመለሰ። ያ ሰው ከእንግዲህ ማኅበሩን እንዴት ይመን?

የሒሳብ ሠራተኛ በሙሉ ደመወዝ መቅጠር የሚከብደው ማኅበር ለብቻው መጨነቅ የለበትም። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ ወይም ከግራና ዙሪያ ያሉ 3 ጎረቤት ማኅበራት ተስማምተው አንድ ባለሙያ ቢይዙ በ6 የሥራ ቀን ለእያንዳንዳቸው 2 ቀን ይደርሳቸዋል፤ ደመወዙንም ይካፈሉታል። ሒሳብ የተማሩ ወጣቶች ወልድያ ላይ ሥራ ፈላጊ ሆነው ይገኛሉ። መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከ3 እስከ 10 የገበሬ ማኅበራትን እንዲያቅፍ ደንግጎ ነበር። አንዱ ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች በጋራ ይችሉታል የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

ይሁን እንጂ ለባለሙያ የሚሰጠው ጽሕፈቱ እንጂ ሥልጣኑ አይደለም። እህሉ በስንት ይገዛ፣ ብድሩ ለማን ይሰጥ የሚለው የኮሚቴውና የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ነው። የቼክ ፊርማና የመጋዘን ቁልፍ ከተመረጡት ሰዎች እጅ መውጣት የለባቸውም። መዝገብ የሚጽፍ ሰው ገንዘብ አይያዝ፤ ገንዘብ የሚይዝም መዝገብ አይጻፍ። ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ከገቡ ጉድለቱን የሚያሳይ አይኖርም። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ የወሩ ሪፖርት በስንት ቀን እንደሚቀርብ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ መዝገቡን ለማን እንደሚያስረክብ በግልጽ ይስፈር።

መዝገቡ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወደ ሠራተኛው ቤት አይሂድ። ግልባጩ ግን በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ በወልድያና በአካባቢዋ በነበረበት ጊዜ ከጽሕፈት ቤቶች ምን ያህል ሰነድ እንደጠፋ የአካባቢው ሰው አይረሳውም።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 የማኅበር ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካም ምርመራው አልቀረም። መርማሪው እስኪመጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የቁጥጥር ኮሚቴው ሳያስታውቅ ካዝናውን ይቁጠር። ሒሳቡም ማንበብ ለማይችል አባል እንዲገባው በስብሰባ ላይ ገቢው ይህን ያህል፣ ወጪው ይህን ያህል፣ ቀሪው ይህን ያህል እየተባለ በአማርኛ ይነበብ።

የማኅበራት መሪዎች ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ተቀምጣችሁ ባለፈው ክረምት ጸሐፊያችሁ ስንት ቀን ከማሳው እንደቀረ፣ ስንት አባልም ያለ ደረሰኝ እንደተከራከረ ቁጠሩ። ቁጥሩ ራሱ መልሱን ይሰጣችኋል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።