በአንዲት ፊደል የሚለወጥ ፈቃድ

ለክትባት ሙከራ በቂ ፈቃደኛ ሲታጣ ወቀሳው ብዙ ጊዜ በሕዝቡ ላይ ይወድቃል፤ «አልገባቸውም» ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ጥሪው የተጻፈበት ወረቀት ሊመረመር ይገባዋል።

አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ 600 ሰዎችን ይገድላል ተብሎ ለታሰበ ወረርሽኝ ሁለት አማራጮች አቀረቡ፤ አንደኛው ውጤቱ የታወቀ፣ ሁለተኛው በዕድል ላይ የተመሠረተ ነበር። የመጀመሪያው «200 ሰዎች ይድናሉ» ተብሎ ሲገለጽ 72 በመቶው መረጡት። ያው አማራጭ «400 ሰዎች ይሞታሉ» ተብሎ ለሌሎች ሲቀርብ ግን የመረጡት 22 በመቶው ብቻ ነበሩ። የተለወጠው ቃሉ እንጂ ቁጥሩ አልነበረም።

በአማርኛ ጉዳዩ ከዚህም ይረቅቃል። «ተፈረደለት»ን ከ«ተፈረደበት» የምትለየው አንዲት ፊደል ናት። «ክትባቱ ይሞከርብዎታል» የሚል ጥሪ የደረሰው ሰው ራሱን እንደ ቤተ ሙከራ አይጥ ቢቆጥር አይፈረድበትም። «በጥናቱ እንዲሳተፉ ተጋብዘዋል» የተባለው ግን የመምረጥ መብቱን ከቃሉ ያነባል።

ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። በኤፕሪል 2020 በአንድ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን የቀረቡ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ፣ የቢሲጂ ክትባት ኮሮናን ይከላከል እንደሆነ በአፍሪካ ይጠና የሚል ሐሳብ ሲያነሡ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ንግግሩን ዘረኝነት ብለው አውግዘው፣ አፍሪካ የማንም ክትባት መሞከሪያ እንደማትሆን አስታውቀዋል።

ይሁን እንጂ ከጥናት መቅረትም ዋጋ ያስከፍላል። ባልተሳተፍንበት ጥናት ክትባቱ ለእኛ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚመሰክር መረጃ አይገኝም። ሞደርና በዚያው ዓመት 30,000 ያህል ሰዎችን ባሳተፈው የአሜሪካ ሙከራው፣ ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች በበቂ ቁጥር እንዲገኙ ሲል ምዝገባውን ማዘግየቱ ይህንኑ ያሳያል።

መፍትሔው ቃልን ማጣፈጥ አይደለም፤ በጣፈጠ ቃል የተገኘ ፈቃድ፣ ፈቃድ ሊባል አይችልም። «200 ይድናሉ» የሚል ወረቀት «400 ይሞታሉ» የሚለውንም አብሮ ይጻፍ። የሚጠበቀው የጎንዮሽ ጉዳት ከስንት ሰው ስንቱን እንደሚያገኝ፣ ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሊደርሳቸው እንደሚችል፣ ማንም ባሻው ጊዜ ያለ ቅጣት ማቋረጥ እንደሚችል በግልጽ ይነገር። በውጭ አገር ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች የሚዘጋጅ ጥሪም ከመታተሙ በፊት በቋንቋው ባለቤቶች ይነበብ። አንዲቱን ፊደል ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።