ዝናቡ ሲዘገይ መረቡም ይቆይ
ጣና ዳር ያላችሁ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ባርበስ እንቁላሉን ለመጣል በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ይወጣል። የሚነሳው ግን ሐምሌ ገባ ብሎ አይደለም፤ ወንዙ ሲሞላ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ያኔ መረብ የጣለ ሰው ብዙ ያወጣል፣ አልዋሽም። የሚያወጣው ግን እንቁላል የያዘችውን እናት ዓሣ ነው! ባርበስ ደግሞ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተካም፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ ክምችቱ ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ በእኔ እምነት የመረብ እረፍቱ በወር ስም ብቻ መወሰን የለበትም፣ ወንዙን ይከተል። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ከዘገየ እረፍቱም ሁለት ሳምንት ይገፋ። ቤት የሚጠብቅ አፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ እስከዚያው ከወንዝ አፍ ራቅ ብላችሁ ቆሮሶ አስግሩ።